ለሰርግ አሮጌ ልብስ

ከሎስ አንጀለስ ከተመለስኩ አንድ ወር ሞላኝ። የእግሬ እብጠት ጎድሏል፤ ጎረቤቶቼ ግን «አሜሪካን እንዴት አየሻት?» ማለታቸውን አልተዉም። አንዷ ስለ ሕንፃው፣ ሌላዋ ስለ ባሕሩ፣ ሌላዋ ደግሞ ስለ ፊልም ሰዎቹ እንድነግራት ትፈልጋለች። ባሕሩን አላየሁም። የፊልም ሰውም አላጋጠመኝም። ያየሁት አንዲት አሮጊት፣ አንድ ብርድ ልብስና የልጄን ኒካህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገሙ ማውራት ስለሚያደክመኝ፣ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩበት እጅም ገና ብዕር ስለሚይዝልኝ ጻፍኩት። የመመለሻው መንገድ እንደ መሄጃው ነው፤ ወንበሩም ድካሙም አንድ ስለሆነ እሱን ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ልጄ ሰአዳ ሎስ አንጀለስ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ሊትል ኢትዮጵያ በሚሉት ሰፈር፣ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ትሠራለች። ለዚሁ ምግብ ቤት ሽንኩርትና ቲማቲም በመኪና የሚያመላልስ ሳጂድ የሚባል ወጣት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሙስሊም ነው፤ አገሩ ግን ፓኪስታን ነው፣ ታር ከሚባል በረሃ። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት አያቱ ናቸው ያሳደጉት።

ባለቤቴን እንድሪስን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑና ምላሱ አልታዘዝ አሉት። ዕድሜውን ሙሉ በመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ሰው አሁን ከአልጋ ወደ ወንበር ለመዞር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ለማውጣት ስለሚታገል ንግግሩ አጭር ነው። የሰአዳን ነገር ስነግረው «ሂጂ... እያቸው» አለኝ። «ሰው ከሆኑ... ደውዪ። እፈቅዳለሁ።» ሰው ካልሆኑስ ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልነሳ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ሰአዳ ደወለች።

«እማዬ፣ የሳጂድ አያት አንድ ነገር ጠይቃለች። አሮጌ ልብስ አምጪልኝ ብላለች። ያንቺንም የአባዬንም። ለብሳችሁት ያለቀ።»

«ለምኑ?»

«ለሰርጉ። ብርድ ልብስ ትሰፋበታለች።»

እኛ አገር ከተለያየ ጨርቅ የተጣጣፈ ነገር ስሙ ድሪቶ ነው። ድሪቶ የሚለብሰው ደግሞ ሌላ የሌለው ሰው ነው። ለአንዲት ልጃችን ሰርግ ድሪቶ! ደሀ መስለናቸዋል፣ ወይም ሊሰድቡን ነው ብዬ አሰብኩ። «እኛ ቤት ለሰርግ አሮጌ ልብስ አይወጣም፤ ንገሪያቸው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። እልህ ያዘኝ። አዲስ ጋቢ፣ አዲስ ብርድ ልብስ፣ ጥለቱ ዓይን የሚወጋ አዲስ ቀሚስ ገዝቼ ትልቁን ሻንጣ ሞላሁት።

ሰኞ፣ ከደሴ አዲስ አበባ

እህቴ ከድጃ እንድሪስን ልትጠብቅልኝ ከሐይቅ ከተማ መጣች። የመድኃኒቱን ሰዓት፣ በስንት በስንት ሰዓት እንደሚገላበጥ፣ ሾርባው ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላት። ለካ መነጽሯን ሐይቅ ረስታ ነው የመጣችው። ሁሉንም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በቃል አስጠናኋት።

አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል ስላሉኝ ከቁም ሳጥኑ የእንድሪስን ካኪ ሸሚዝ አወጣሁና ከቀሚሴ ሥር ለበስኩት። የሥራ ሸሚዙ ነው። ሁለት የደረት ኪስ አለው፣ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ክርኑን እኔው ጥፌዋለሁ። ከታመመ ወዲህ ለብሶት አያውቅም፤ ጣቶቹ ቁልፍ አይቆልፉለትም። እንድሪስ ስለብሰው አየኝ።

ሚኒባሱ ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማው ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማም አየር አልነበረውም። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች የከሚሴ ሴት ማንጎ ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እጄን የምታጠብበትን ውኃ እንኳ ከራሷ ኮዳ አፈሰሰችልኝ። ጣርማ በር ስንደርስ ደግሞ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው፣ የሸሚዙን ጥቅም ያኔ አወቅሁ። አዲስ አበባ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቤት አደርኩ። አልጋዋን ለቃልኝ ራሷ ፍራሽ አንጥፋ ተኛች። ለሁለት ዓመት በየሦስት ሰዓቱ እየተነሳሁ ሰው ስገላብጥ ኖሬ፣ ያን ዕለት የሚያስነሳኝ አልነበረም። ተኝቼ ማደር ይገባኝ ነበር፤ በየሦስት ሰዓቱ ነቃሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ በአየር ላይ

ስለ አውሮፕላን የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። በሁለት ሰዎች መሀል የአንድ ሌሊትና የአንድ ቀን እስር ነው። በቀኜ ያለው ሰው ትከሻዬ ላይ ተኛ፤ ልቀሰቅሰው አሳዘነኝ። እግሬ ከጫማው ሞልቶ ወጣ።

ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ስንቀይር መተላለፊያው ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የሚያህል ሆነብኝ። መሀሉ ላይ ቆሜ ግድግዳ ስደገፍ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ አንዲት ጎልማሳ ሐበሻ አየችኝ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።

«እኔ አልታመምኩም እኮ።»

«ታመዋል ማን አለ? ደክሞዎታል። ይቀመጡ፣ በርዎ ሩቅ ነው።»

ተቀመጥኩ። ከኋላዬ እየገፋች ስለ ልጆቿ ታወራልኛለች፤ እኔ ግን ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቅስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ገፊዋ እኔ ነበርኩ። መገፋት ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። በሩ ጋ ስታደርሰኝ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ሎስ አንጀለስ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ፣ የእኔ አልመጣም። ሻንጣ የሚያዞረው ጎማ ባዶውን እስኪዞር ድረስ ጠበቅሁ። አንድ ሠራተኛ ቅጽ አስሞልቶኝ በሁለት ሦስት ቀን ይመጣል አለኝ። እልሄን የሞላሁበት ሻንጣ በየትኛው አገር እንደቀረ አላህ ይወቅ። ስወጣ ለብሼ የመጣሁትን ልብስና አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዤ ነበር።

ሰአዳ አቅፋኝ አልለቅም አለች። ከኋላዋ የቆመው ረጅም ቀጭን ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማዬ። ደክሞሃል?»

ሰአዳ ሳቀች። «ደክሞሻል ነው የሚባለው። ኪችን ውስጥ ከወንዶቹ ነው የተማረው፣ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚለው።»

የሰአዳ መኖሪያ ከሦስት ሴቶች ጋር የምትጋራው ስለሆነ ማረፊያዬ የሳጂድ ቤት ነበር። ባልድዊን ሂልስ የሚባል ኮረብታ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ሳጂድ ሳሎን ሊተኛ፣ እኔ የእሱን ክፍል ልወስድ ተዘጋጅቷል። መንገዱ ላይ ነዳጅ የሚያወጡ ብረቶች አየሁ፤ እንደ ሰጋጅ ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ሶላታቸውን የሚጨርሱበት ጊዜ ግን የለም። ከኮረብታው ላይ ከተማው ይታያል። እኛ ከጦሳ ተራራ ላይ ደሴን ስናይ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትመስላለች፤ ይሄኛው ጫፍ የለውም። ማየቱ ራሱ አደከመኝ።

የሳጂድ አያት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዳዲ ይሏቸዋል፣ በቋንቋቸው የአባት እናት ማለት ነው። ሰማንያ ይጠጋሉ፣ ክርናቸው ድረስ ነጭ አምባር አድርገዋል። ቋንቋ አንግባባም። እሳቸው «ቢስሚላህ» አሉ፣ እኔም «አልሐምዱ ሊላህ» አልኩ፤ ወሬያችን በዚያ አለቀ። እግሬን አይተው ምላሳቸውን መቱ። ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ለብ ያለ ውኃ በጨው አምጥተው፣ «ኧረ አይሆንም» እያልኳቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው እግሬን አጠቡ። እኛ ወሎ ውስጥ የእንግዳን እግር ማጠብ ደንብ ነበር፤ በእኔ ዘመን ግን ተረስቷል። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን አሳዩኝ፣ የራሳቸውን ሰፊ ሱሪና ረጅም ቀሚስ ሰጡኝ፣ የለበስኩትን ሁሉ ሊያጥቡ ወሰዱ። ምስርና ቂጣ በላሁ። ምስሩ በርበሬ የጎደለው የኛ ክክ ወጥ ነው። ሳልጨርሰው እንቅልፍ ጣለኝ።

ሐሙስ፣ ፌርፋክስ

ጠዋት ሰአዳ የሚቀየር ልብስ ልትፈልግልኝ ወደ ፌርፋክስ ወሰደችኝ። ሊትል ኢትዮጵያ ሲሉኝ አንድ ከተማ ጠብቄ ነበር። አንድ መንገድ ነው፤ እሱም ሳይጀመር ያልቃል። ምግብ ቤቶች፣ የቅመምና የልብስ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሁሉም በመኪና ይመጣል፣ በልቶ በመኪና ይመለሳል። ደሴ ገበያ ላይ ሰው ሰውን ገፍቶ ነው የሚያልፈው፤ እዚህ የሚገፋኝ ቢገኝ እንኳ በወደድኩት ነበር።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፣ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ከፊት ለፊት ትንሽ የልብስ ሱቅም አላቸው። ታሪኬን ሲሰሙ ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ከመስቀያው አውርደው በላስቲክ ጠቀለሉ።

«ዋጋውን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«እትዬ ዘሃራ፣ ልጅዎ እዚህ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን ሌት አድርጋ፣ አርፍዳ አልመጣችም። ዝም ብለው ይውሰዱ። ደግሞ ስለ ሰርጉ አያስቡ፤ እሁድ ጠዋት ሳንከፍት ቤቱ የእናንተ ነው፣ ኦኬ?»

አመሰገንኳቸው። ሰርግ መኖሩን ገና እንዳልወሰንኩ አልነገርኳቸውም። የዳዲ እጅ እግሬ ላይ ያሳደረው ሙቀት ግን አልለቀቀኝም ነበር። ማታ ለእንድሪስ ደውዬ ደግ ሰዎች ናቸው ልለው አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ዳዲ ጓሮው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ብርድ ልብሱን ከፊታቸው ዘርግተዋል። ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። ረሊ ይሉታል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ፤ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች እንደ ሰሌን ጥለት ተያይዘው ዓይንን ያዞራሉ። በውስጡ ጥጥ የለም፣ ሌላ አሮጌ ጨርቅ ነው የተደራረበው። ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ክር፣ ጤፍ በምታህል ስፌት፣ መስመር በመስመር ተሰፍቷል። በአንድ በኩል አንድ ረድፍ ባዶ ቀርቷል።

ዳዲ አይተውኝ ፈገግ አሉ። ጉልበታቸው ላይ አራት ጊዜ የታጠፈ ጨርቅ ነበር። እንደ ደብዳቤ ከፈቱት። ጠርዙ በመቀስ ተበልቶ ሲዘረጋ ዙሪያውን አበባ ሆነ፤ እንዴት ያምራል ብዬ ለአፍታ ተደነቅኩ።

ቀጥሎ ቀለሙን አየሁ። ካኪ ነው። ምንጣፉ ላይ ሁለት የደረት ኪሶች፣ አንድ ኮሌታና አምስት ቁልፎች ተለይተው ተቀምጠዋል።

መሬት ላይ ተቀምጬ የተረፈውን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ኮሌታውን፣ ኪሶቹን፣ እኔ የጣፍኩትን ክርን። ዳዲ ግራ ተጋብተው ስሜን ይጠራሉ።

«ያረቢ! ማን ፈቀደላት?» አልኩ። የምናገረው ለሰአዳ ነው፤ እሳቸውን ያን ዕለት አንቱ አላልኩም። «በቁሙ ያለ ሰው ልብስ ነው የቀደደችው! ከዚህ ውሰጂኝ። ሰርግ የለም።»

«እማዬ፣ በአላህ...»

«ውሰጂኝ አልኩሽ!»

ዓርብ፣ ኮሪያታውን

የሰአዳ መኖሪያ ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ሐሙስ ማታውኑ ደረጃውን በየወለሉ እየተቀመጥኩ ወጣሁት። አብራት ከምትኖር አንዷ፣ ሜሮን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ልትወጣ ስትል አገኘችን።

«እትዬ ዘሃራ፣ እኔ ናይት ሺፍት ነኝ፣ ሶ አልጋዬ ፍሪ ነው። ተኚበት፣ አንሶላውን ቼንጅ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። በአንቺታዋ ቅር ልሰኝ አሰብኩ፤ አቅም አጣሁ።

ጠዋት ሰአዳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ፊቷ በልቅሶ አብጧል።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እምቢ ማለትሽን አልነገርኳቸውም። ታመጣለች ነው ያልኳቸው። እናቴ ተሰድቤያለሁ አለች ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አሮጊቷ ሸሚዙን ስታጥብ ሳጂድን ጠየቀችው፣ እሱም ታመጣለች የተባለው ነው አላት።»

ልቆጣት ፈለግሁ። ግን ለከድጃ መደወያ ሰዓት ነበር፤ እዚያ ሊመሽ ነው። ከድጃ ስልኩን እንድሪስ ፊት ያዘችለት። የሆነውን ሁሉ፣ የሸሚዙንም ነገርኩት። ለአውሮፕላን ብርድ ነው የለበስኩት ስል ለራሴም መዋሸቴን ያኔ አወቅሁ። ሸሚዙ ጤነኛውን ሰውዬ ይሸት ነበር። የዚያ ሰውዬ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።

እንድሪስ ስልኩን ትክ ብሎ አየ። አፉ በግራ በኩል ተንቀሳቀሰ።

«ሳልሞት... ቆራረጡኝ?»

ከዚያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ወጣው። ከድጃ ትን ያለው መስሏት ጀርባውን መምታት ጀመረች። ሳቁ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ።

«ሰዎቹስ?» አለኝ ሲረጋጋ።

«አላውቅም። እግሬን አጠቡልኝ፣ ሸሚዝህን ቀደዱብኝ። አላውቅም፤ ደክሞኛል፣ እንድሪስ።»

«ተኚ... መጀመሪያ። ከዚያ... እዪ።»

ተኛሁ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከመቼ ወዲህ እንደተኛሁ አላስታውስም። የቀሰቀሰኝ የበር መንኳኳት ነው። ሰአዳ ስትከፍት ዳዲ በሳጂድ ክንድ ተደግፈው ቆመዋል። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተዋል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። ውኃ ስሰጣቸው አልወሰዱም። መሬት ላይ ከፊቴ ተቀመጡና ከያዙት ፌስታል ውስጥ አንድ ጨርቅ አወጡ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ አበባ የታተመበት የወንድ ሻሽ ነው፣ ከመታጠብ ብዛት ወረቀት መስሏል። ጭኔ ላይ አደረጉት። በላዩ ላይ መቀስ አስቀመጡ።

ከዚያ ተናገሩ። ሳጂድ ለሰአዳ በእንግሊዝኛ ይነግራታል፣ ሰአዳ ለኔ በአማርኛ።

«ሻንጣሽ ጠፍቶ፣ ሸሚዙን ግን በገላሽ ላይ ይዘሽው ስትመጪ ተደነቅሁ። ይህችስ ባሏን የምታከብር ናት፣ እንደዚህ ያለ ልብስ በሻንጣ እንደማይላክ ታውቃለች አልኩ። ስለዚህ ሳልጠይቅሽ ቆረጥኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ የባሌ ነው። የሞተ ዕለት ከራሱ ላይ ያወረድኩት። ቁረጪው።»

«አይሆንም» አልኩና ሻሹን መለስኩላቸው። መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩት። እንደገና መለስኩ። እንደገና አመጡት። ሁለት የደከመን ሴቶች አንዲት ጨርቅ ወዲያና ወዲህ እንገፋለን።

«ዳዲ አይነሳም» አለ ሳጂድ በዚያ አማርኛው። «ካልቆረጥክ፣ ዳዲ እዚህ ያድራል።»

መቀሱን አነሳሁ። እርቅ ነው ብዬ አይደለም፤ ንዴቴም ገና አልበረደም ነበር። ከዳሩ የመዳፌን ያህል ገብቼ ቆረጥኩት። ያረጀ ጨርቅ ሲቆረጥ ድምፁ ትንፋሽ ይመስላል። ዳዲ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አዳመጡ። መቀሱን ወርውሬ እጃቸውን ያዝኩ።

ብዙ ቆይቼ ነው የጠየቅኳቸው። «ለምን አሮጌ? አዲስ ጨርቅ ሞልቶ የለ?»

ዳዲ ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መሰላቸው። «አዲስ ጨርቅ ውስጥ ማን አለ?» አሉ። በእነሱ በረሃ ሙሽራ ከእናቷ ቤት የብዙ ቀን መንገድ ርቃ ትዳራለች። ረሊውን ለብሳ ስትተኛ የእናቷ ቀሚስ፣ የአባቷ ሻሽ፣ የአክስቷ ሻርፕ አብሯት ነው። ደግሞም፣ አሉ፣ አዲስ ጨርቅ ገላ ይቧጥጣል።

ቅዳሜ፣ ስፌቱ

ወደ ኮረብታው ተመለስን። ባዶውን ረድፍ ልንሞላ ቀኑን ሙሉ ጓሮው ላይ ተቀመጥን። ከደሴ የመጣሁበት ቀሚስ ታጥቦ ነበር፤ ጫፉን እኔው ቆርጬ ሰጠኋቸው። ካኪው አበባ ከሻሹ ቁራጭ አጠገብ ገባ። የእኔ ስፌት የአህያ ጥርስ ነው፤ ዳዲ ሁለት ጊዜ ፈቱት፣ በሦስተኛው ትተውኝ እንዳለ አሳለፉት። ወገቤ ተቆረጠ። እሳቸው መርፌውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስቀምጡ በየመሀሉ እየቆነጠሩ ሽምብራ ያጎርሱኛል። እኛም እኮ እናጎርሳለን ልላቸው ቋንቋ ስለሌለኝ እኔም አጎረስኳቸው።

ከሰዓት ላይ ሻንጣዬ መጣ። እጀታው ተሰብሯል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው። አዲሱን ጋቢ አውጥቼ ለዳዲ ሰጠኋቸው። ደባበሱት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፣ ከዚያ አጣጥፈው ለሰአዳ ሰጧትና አንድ ነገር አሏት። ሰአዳ እየሳቀች ተረጎመችልኝ፤ «ሲያልቅ አምጪልኝ» ነው ያሏት።

እሁድ፣ ኒካሁ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ፌርፋክስ ደረስን። ጋሽ ተፈራ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ አስወጥተው ወለሉን አስወልውለዋል። ዳዲ ረሊውን መሀል ላይ አነጠፉት፣ ሰአዳና ሳጂድ በላዩ ላይ ተቀመጡ። ሼሁ የወሎ ሰው ናቸው፣ በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳሉ። ስልኩን በበርበሬ ጣሳ አስደግፈው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። እዚያ ደሴ የምሽቱ የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነው። ከድጃ እንድሪስን ነጭ ጀለቢያ አልብሳ ትራስ አስደግፋዋለች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሰሙኛል?» አሉ ሼሁ። «እዚህ ሆኜ ልጅዎን እንድድርልዎ ከራስዎ አፍ መስማት አለብኝ። ሰአዳን ለሳጂድ እንድድር ወክለውኛል?»

እንድሪስ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። ግራ እጁ ብርድ ልብሱን ጨበጠ።

ጠበቅን። ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ሳጂድ አንገቱን ደፍቷል። ዳዲ ቋንቋውን ባያውቁም የሚሆነውን አውቀዋል፤ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

«ወ...» አለ እንድሪስ። «ወ...» ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። የቀኝ ጉንጩ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል። እኔ አጠገቡ ብሆን ኖሮ አገጩን ደገፍ አደርግለት ነበር፤ ስቸኩል ጊዜ እንደማደርገው ቃሉንም ጨርሼለት ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ራስዎን ቢነቀንቁም ይበቃል» አሉ ሼሁ በለሆሳስ። «ሸሪዓው ይፈቅዳል።»

እንድሪስ በግራ እጁ አይሆንም የሚል ምልክት አሳየ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱ ወደ ላይ ከፍ አለ።

«ወክዬ...ሃለሁ» አለ። ትንፋሽ ወሰደ። «ልጄን። ሰአዳን። ወክዬሃለሁ።»

ሰአዳ ረሊው ላይ በግንባሯ ተደፋች። ከድጃ እዚያ በኩል እልልታዋን ስትለቀው ስልኩ ከእጇ አመለጠና ወደቀ፤ የቤታችን ጣሪያ ብቻ ታየን፣ አቡጀዲው፣ ጥግ ላይ ያለችው የዝናብ ውኃ ያቀለማት ቦታ። እንድሪስን አናየውም። ትንፋሹ ግን ይሰማል፣ አቀበት እንደወጣ ሰው። እዚያ ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ፣ እዚህም የሚዘጋ አልተገኘም፤ ሼሁ ኒካሁን አስረው ዱዓቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ሁላችንም፣ ዳዲም ጋሽ ተፈራም፣ አንገታችንን ስልኩ ላይ ወደሚታየው ጣሪያ አስግገን እሱ ሲተነፍስ አዳመጥን።